ያልተቆረጠው የሠርግ ቪዲዮ

ብርቄ መካነ ኢየሱስ ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ እያነሣች የምትኖር ሴት ነበረች። ለብቻው ስቱዲዮ የሚባል ነገር አልነበራትም፤ የመንገድ ዳሯ ክፍል በመጋረጃ ተከፍላ ግማሿ መሥሪያ፣ ግማሿ መኝታ ነበረች። በጥርና በሚያዝያ ካሜራዋን ተሸክማ ከእስቴ እስከ ስማዳ የማትሄድበት ሠርግ አልነበረም። የነቢያት ጾም ሲገባ ግን ሠርግ የለም፤ ሥራው ይቀዘቅዛል። ያኔ ሃርድ ዲስኮቿን ታወጣና ታስተካክላለች። የተደገመውን ታጠፋለች፣ የቀረውን ትለያለች፣ ለጥር ሠርጎች ቦታ ታበጃለች።

በ2005 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አሮጌው ዲስክ በሰካችው ቁጥር ይንቋቋ ጀመር። ሊሞት እንደሆነ ስለገባት፣ ሳይቀድማት በውስጡ ያለውን ወደ አዲሱ ለማሻገር ተጣደፈች። መብራት ሲመጣ ትገለብጣለች፤ የተገለበጠው በደንብ መከፈቱን ለማወቅም እዚህም እዚያም ከፍታ ታያለች። አገኘሁን ያየችው እንዲህ ስታደርግ ነው።

አገኘሁ ከሦስት ዓመት በፊት ከአንድ ሠርግ ወጥቶ ሳይመለስ የቀረ ወጣት ነው። በማግስቱ ወንዝ ዳር ተገድሎ ተገኘ። ከሠርገኛው መካከል "ከእገሌ ጋር ሲወጣ አይቻለሁ" ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። ሠርጉን የቀረጸችው ብርቄ ነበረች፤ ነገር ግን ጭፈራውንና ምርቃቱን ቆርጣ ለሙሽሮቹ ከሰጠች ወዲህ ጥሬውን ተመልሳ አይታው አታውቅም።

አሁን አየችው። ጭፈራው ሲበርድ ካሜራውን ሳታጠፋው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣው ኖሯል፤ የዳሱ በር ፊት ለፊት ይታያል። ውጭው ጨልሟል፣ የጄኔሬተሩ መብራት በርቷል። አገኘሁ እየሳቀ ወጣ። ትከሻውን አቅፎ የሚያወጣው ሰው በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። እህል ነጋዴው ፍሥሐ ነበር። ፍሥሐ ያን ጊዜ ለፖሊስ "ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቴ ገብቻለሁ" ብሎ ቃሉን እንደሰጠ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ብርቄ መልሳ አየችው። ከዚያ ተነሥታ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሯን ቀረቀረች።

በዚያው ሰሞን የአገኘሁ ታላቅ ወንድም ካሳ ለልደት ከሑመራ መጣ። ቤቱ ዕቃውን አስቀምጦ በቀጥታ ወደ ብርቄ ዘንድ ነው የሄደው።

"ያን የሠርግ ቪዲዮ እፈልገዋለሁ" አላት።

"ሙሽሮቹ ጋ አለ እኮ።"

"የእነሱን አይቻለሁ። የተቆረጠ ነው። እኔ የምፈልገው ሙሉውን ነው።"

"ዲስኩ ተበላሽቶብኛል፣ ካሳ።"

ጠረጴዛው ላይ የሚንቋቋውን ዲስክ አየት አደረገው። "እጠብቃለሁ" አለና ሄደ። በማግስቱም መጣ፤ በሳልስቱም። አይቆጣም፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። በሩ ላይ ቆሞ "እንዴት ሆነ?" ይላታል፣ ይሄዳል። የፈለገውን ነገር ለማንም አልደበቀም፤ ጠላ ቤትም ገበያም አወራው።

ወሬው ፍሥሐ ጆሮ ገባ። ከሰዓት በኋላ ላይ መጥቶ፣ ሳይጋበዝ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"የጉርድ ፎቶ ልነሣ ነበር" አለ።

"እሺ፣ ጋሼ።"

ፎቶውን ስታነሣው ዓይኑን ከጠረጴዛው አልነቀለም። "ይሄ ሁሉ አሮጌ ኮተት ምን ያደርግልሻል? ኤሌክትሪክ ነገር ደግሞ እሳት ያስነሣል። ብቻሽን ነው የምታድሪ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"እና መጣል ነዋ" አለ ፍሥሐ። ፎቶውንም ሳይቀበል ወጣ።

ብርቄ ያን ዕለት ላፕቶፗን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ሟቹ እናት ወደ እትዬ አዛለች ቤት ሄደች። ለካሳ ብትሰጠው ሌላ ሬሳ ይወጣል፤ ብታጠፋው ደግሞ የእኒህ ሴት ልጅ ዳግመኛ የተገደለ መሰላት። ካሳ ቤት አልነበረም። አሮጊቷ መጀመሪያ ልጃቸው ሲጨፍር አዩት፤ በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። በሩ ላይ የተቀረጸው ሲመጣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

"ይሄ ፍሥሐ አይደለም?"

"ነው፣ እትዬ።"

"ለቅሶዬ ላይ መጥቶ አልቅሷል እኮ" አሉ። ከዚያ እጇን ጨመቁት። "ካሳ እንዳያይ፣ ልጄ። የቀረኝ እሱ ነው። ለሕግ ስጭው፤ ሕግ ይየው።"

በነጋታው ብርቄ የተገለበጠውን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ገባች። ቃሏን ተቀበሏት፣ ዲስኩንም ተረከቧት። ስትወጣ ፍሥሐ ከመንገዱ ማዶ፣ የእህል መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሰላምታም አልሰጣት፣ አልተንቀሳቀሰም። ፖሊሶቹ ሊይዙት ሲሄዱ ግን መጋዘኑ ተቆልፎ፣ ቤቱም ሚስቱ ብቻዋን ተገኘች።

ካሳ ምንም ቪዲዮ ማየት አላስፈለገውም። የጠፋው ሰው ማን እንደሆነ ሲሰማ ገባው። እናቱ በሩ ላይ ተደፍተው "በማኅፀኔ!" አሉት። ቀስ ብሎ አነሣቸው፣ ጉልበታቸውን ሳመ፣ አልፏቸው ወጣ። በስማዳ በኩል ሲሄድ ያዩት ሰዎች አሉ። የልደት ዕለት እትዬ አዛለች ቤተ ክርስቲያን ብቻቸውን ቆመው አስቀደሱ፤ ብርቄ ከኋላቸው ነበረች፣ ቀና ብላ ልታያቸው ግን አልደፈረችም።

ጥር ገባ፣ ሠርጉም መጣ፤ የካሳም የፍሥሐም ወሬ ግን አልተሰማም። ብርቄ አርብ ገበያ አካባቢ አንድ ዳስ ውስጥ ስትቀርጽ ከማታውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለላት። ጩኸቱን ሸሽታ ወደ ውጭ ወጣች።

"ያ ቪዲዮ አሁንም አንቺ ጋ አለ?" አለ የወንድ ድምፅ። መስመሩ ይቆራረጣል። ካሳ ይሁን ፍሥሐ መለየት አልቻለችም።

"ፖሊስ ጋ ነው" አለች።

"ሌላስ ኮፒ?"

"አንተ ማነህ?"

ከወዲያ ንፋስ ብቻ ተሰማት፤ ከዚያ ተዘጋ። ብትደውል ብትደውል አልሠራም። ዳሱ ውስጥ ሙሽራዋ ልትገባ ነው መሰል እልልታው ቀለጠ። "የታለች ቪዲዮዋ? ብርቄን ጥሩልን!" እያሉ ይጣራሉ። ስልኩን እጇ ላይ እንደያዘች ወደ ጨለማው አየች፤ ከዚያ ካሜራዋን አንሥታ ገባች።