በውኃ ላይ ናፍጣ ስለካ

መጀመሪያ ቀን ጀልባዋ ላይ ስወጣ ጫማዬን አወለቅሁ። አለቃው አየኝና «አባባ፣ መስጊድ መሰለዎት እንዴ?» አለ።

«ብወድቅ በጫማ መዋኘት ያስቸግራል» አልሁት።

«ዋና ይችላሉ?»

«አልችልም።»

ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ጉባ የመጣሁት ከአሶሳ ነው። በደርግ ጊዜ ከወሎ አምጥተው አሶሳ ሲያሰፍሩን ፊደል እንኳ ቆጥሬ አልጨረስሁም። ቁጥር ግን አውቃለሁ፤ ለዚህ ሥራ ቁጥር ይበቃል። አሶሳ የነዳጅ መጋዘን ውስጥ የቦቴ መኪና ስለካ ነው ያረጀሁት። ኋላ ጉባ፣ ግድቡ የፈጠረው ሐይቅ ዳር የሚሠራ አንድ ድርጅት ለኪ ፈለገ። ማሽኖቹ ማዶ ናቸው፤ ናፍጣው በጀልባ ይሻገራል። ጀልባዋ ጠፍጣፋ ናት፤ ሆዷ ውስጥ ሰፊ ታንከር አለ። «የውኃ ቦቴ» እንላታለን።

አለካኩ እንዲህ ነው። የብረት ዘንጉን በጨርቅ እጠርጋለሁ። ጫፉን ቅባት እቀባለሁ፤ ከሥር ውኃ ካለ ቅባቱ መልኩን ይለውጣል። ዘንጉን በታንከሩ አፍ ቀጥ አድርጌ እሰዳለሁ። ወለሉን ሲነካ እጄ ያውቀዋል። አውጥቼ የረጠበው የት ድረስ እንደሆነ አያለሁ። ሦስት ጊዜ ነው የምለካው። አንዴ የለካ አልለካም። ወዲህ ሲጫን እለካለሁ፣ ማዶ ሳይራገፍ ደግሞ እለካለሁ።

አለቃው ማንንም አያምንም። ሲጫን ከሦስት ጥበቃዎች ጋር ወጥቶ ዘንጉ ላይ ያፈጣል። ወፍራም ሰው ነው። ጥበቃዎቹም ቀጫጮች አይደሉም።

ገና በሳምንቱ ጉድ መጣ። ወዲህ ሙሉ የለካሁት ማዶ ስደርስ አራት ሴንቲ ጎደለ። በማግሥቱም አራት። በሦስተኛው ቀን አለቃው ጀልባ ነጂውን ባበከርን ጠራው። ባበከር የጉባ ሰው ነው፤ አምስት ልጆች አሉት፤ ከዚያች ጀልባ ሌላ እንጀራ የለውም።

«ናፍጣውን የት ነው የምትቀዳው?» አለው።

«እኔ መኪና የለም፣ ወፍጮ የለም። ናፍጣ ምን ያረጋል? ይጠጣል?» አለ ባበከር። ወደ እኔ ዞረ። «አባባ አብሮ ነበር። አባባ ይናገር!»

«አባባ፣ መንገድ ላይ ምን አዩ?»

«ምንም።»

«ምንም አልሰረቀም ማለትዎ ነው?»

«ምንም አላየሁም ማለቴ ነው። ውኃ ስለምፈራ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሻገረው።»

ባበከር ራሱን ያዘ። እኔም አርፌ ዝም አልልም፣ «ልኬ ግን ልክ ነው» ብዬ ጨመርሁበት። አለቃው ፈረደ፤ ነገም ከጎደለ ባበከር ከሥራ ወጥቶ ለፖሊስ ይሰጣል።

በማግሥቱ ባበከር ጀልባዋ መሳፈሪያ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «ዓይን ጨፍኖ ሰው አልጭንም» አለ። እውነቱን ነው። ዓይኔን ከፍቼ ተሻገርሁ፤ ላብ በላብ ሆንሁ። የታንከሩ አፍ አልተከፈተም። የቧንቧውን ቁልፍ የነካው የለም። የባበከር እጅ ከመሪው አልተነሣም። ማዶ ደርሼ ለካሁ።

አራት ሴንቲ ጎደለ።

«ባበከር፣ አንተ አልሰረቅህም» አልሁት።

«እኔ ያውቃል! ለአለቃ ንገር!»

አለቃው በሞተር ጀልባ ተከትሎን ደረሰ። «እስቲ እኔው ልየው» ብሎ ከነጥበቃዎቹ ወጣና አጠገቤ ተደረደሩ። ዘንጉን ሰደድሁ።

ሙሉ ነው።

«ይኼ ደግሞ ከየት መጣ?» አለ አለቃው።

እግሬ ሥር አየሁ። የቅባቱ ቆርቆሮ ወደ እኛ በኩል እየተንሸራተተ ነው። የታንከሩ አፍ ያለው ከጀልባዋ ጠርዝ ነው፤ አራቱም የቆሙት እዚያው ነው።

«አለቃ፣ ይውረዱ።»

«ምን?»

«ከነሰዎችዎ ይውረዱልኝ።»

እያጉረመረሙ ወረዱ። ለካሁ፤ አራት ጎደለ። «ይውጡ» አልሁ። ወጡ፤ ሞላ። እንደገና «ይውረዱ» ስል ዳር የቆሙት የማሽን ሠራተኞች በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ባበከር «አለቃ ሲመጣ ናፍጣ ይወልዳል!» ብሎ ጮኸ።

ነገሩ ይኼው ነው። ሲጫን አለቃው ከነጥበቃዎቹ አፉ ዘንድ ይቆማል፤ ጀልባዋ ወደዚያ ታዘነብላለች፤ ናፍጣውም ወደ ዘንጌ ይሸሻል። ማዶ ስንደርስ እኔና ባበከር ብቻ ነን፤ ትቃናለች። አሶሳ ቦቴው የሚቆመው በተስተካከለ ሲሚንቶ ላይ ነው። መሬት ሰው ስለቆመበት አያዘነብልም። እኔ ውኃውን እንደ ሲሚንቶ ቆጥሬው ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰውየውን በከንቱ አስጠረጠርሁት» አልሁ። ይህን ማለት ዓይን ከፍቶ ከመሻገር ይልቅ ከበደኝ። አለቃው ባበከርን «ሥራህን ቀጥል» አለው። ባበከር ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው የተጠበሰ ዓሣ አቀበለኝና «አባባ፣ አጥንት አለው፣ ዓይን ክፈት» አለ።

ከዚያ ወዲህ ግንበኞች የሚሠሩበትን ውኃ ልክ ይዤ ነው የምወጣው። መጀመሪያ ጀልባዋን እለካለሁ፣ ከዚያ ናፍጣውን። በውኃ ላይ የምትለኩ ሁሉ፣ ዘንግ ከመስደዳችሁ በፊት ሰው አውርዱ፤ አለቃም ቢሆን ይውረድ።