እሷ ቆመች

የማስተር ፕላኑ ረብሻ በተነሳበት ሰሞን ባሌ ዓለም ገና ካለው ፋብሪካ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቤታችን መምጣት ተወ። «መንገዱ ዝግ ነው፤ እዚሁ አድራለሁ» ይለኛል በስልክ። እውነቱን ነው፤ ሚኒባስ የለ፣ ባጃጅ የለ፤ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ጎማ ይቃጠላል። እኔ የጤፍ ጆንያ በሩ ላይ አስደግፌ፣ ተኩስ በተሰማ ቁጥር ብቻዬን ስርበተበት አድራለሁ። ይሁን፣ የአገር ጉዳይ ነው ብዬ ቻልኩት።

አንድ ቀን ጠዋት እንደልማዱ ደውሎ «ቻው» ካለኝ በኋላ ስልኩን መዝጋት ረሳ። ለባልደረባው ሲያወራ ሰማሁት። «ትናንት ደህና ነበረች እኮ! አሁን ግን ታነክሳለች፤ ትንሽ ትሄድና ቀጥ! ሳባብላት ነው ያደርኩት። ጥያት ልሂድ ብልም አላስችል አለኝ።»

ወይ ነዶ! እኔ እዚህ በፍርሃት ልሙት፣ እሱ እዚያ አንካሳ ሴት ያባብልልኛል! ሸራ ጫማዬን አጠለቅኩና ያንን የተዘጋ መንገድ ተያያዝኩት። ጭሱ ዓይኔን ቢያቃጥለውም ቅናቱ ብሶ አላስታውሰውም።

የፋብሪካው ዘበኛ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ «አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ። ሰላምታቸውን እንኳን በቅጡ አልመለስኩ።

«ባሌ ከማን ጋር ነው ያለው? እንዳይደብቁኝ!»

ሳቁብኝ። «ከሷ ጋር ነዋ! ሌላ ምን ሥራ አለው?»

የዕቃ ክፍሉን በር በርግጄ ገባሁ። ባሌ አንድ የግድግዳ ሰዓት ፊት ቆሟል። የጥንት ሰዓት አምሳያ ናት፤ ተፈታታ በካርቶን የምትመጣ፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥማት፤ ባሌም ገዝቶ ገጣጥሟታል።

«መንገዱ ተከፈተ እንዴ?» አለኝ ደንግጦ።

«አልተከፈተም።»

«ታዲያ በምን መጣሽ?»

«በእግሬ!»

ሰዓት መሆኗን ሳይ ልቤ መለስ ማለት ነበረበት፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ባሰብኝ። ሴት ብትሆን ፀጉሯን ይዤ እጎትታት ነበር። ከብረት ጋር ምን ብዬ ልጣላ?

እሱ እቴ፣ ሊያስረዳኝ ቸኮለ። ውስጧ ሁለት ክንድ ያላት ብረት አለች፤ ፔንዱለሙ በተወዛወዘ ቁጥር የማርሹን አንድ ጥርስ ትለቅና ሌላውን ትይዛለች። ድምፁ እኩል መሆን ሲገባው አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል፤ ከዚያ ትቆማለች። ክንዶቿን በሞረድ ሞርዷል፣ ዘይት ቀብቷል፣ ፈትቶ ገጥሟል። «ስሚያት እስቲ» ብሎ ጆሮውን ደረቷ ላይ ለጠፈ። አብረን ስንኖር የኔን ልብ አንድ ቀን እንዲህ አዳምጦ አያውቅም።

ለካ ጥርሱም ክንዱም ደህና ኖሯል። የተሰቀለችው ወደ አንድ ጎን ዘምማ ነው። አንድ ጎኗን በጣቱ ገፋ አድርጎ ቀና ቢያደርጋት ቀጭ ቋ፣ ቀጭ ቋ እያለች ሄደች። ፊቱ በራ። በሰርጋችን ቀን እንኳን እንዲያ አልሳቀም።

መንገዱ ሲከፈት ይዟት መጣና ሳሎን ሰቀላት። ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ እሷን ነው ቀና ብሎ የሚያየው፤ ራቱን የማቀርበው ለጀርባው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ረብሻው አገረሸ። ከሰዓት በኋላ ደወለ። «መንገዱ ዝግ ነው፤ እዚሁ አድራለሁ።»

«እሺ» ብዬ ዘጋሁ። ከዚያ ወንበር ላይ ወጣሁና ያችን ጎኗን በአንድ ጣቴ ገፋ አደረግኳት። ትንሽ አነከሰች፣ አነከሰችና ቀጥ አለች።

መልሼ ደወልኩለት። «እሷ ቆመች» አልኩት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰ። ጫማው አቧራ በአቧራ ሆኗል፣ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። በእግሩ ነው የመጣው። በሩን ልከፍትለት ጆንያውን ስጎትት በአጠገቤ አልፎኝ ወደ ግድግዳው ሄደ።

«መቼ ነው የቆመችው?» አለኝ።