ከመርከብ የሚመጣው «አለሁ»

በድሪያ ሱብሂን ሰግዳ ከመስገጃዋ ሳትነሳ ስልኳን ታያለች። ይህ ልማድ የያዛት አንድ ልጇ ሰልዋ ባለፈው ኅዳር የሽርሽር መርከብ ላይ ተቀጥራ ከቶሮንቶ ከወጣች ወዲህ ነው። ሰልዋ እዚያ የመንገደኞችን ልጆች ታጫውታለች፣ ስዕል ታስላቸዋለች፣ ፊታቸውን የነብርና የቢራቢሮ ቀለም ትቀባቸዋለች። የእናትና የልጅ ውል አጭር ነው። ልጅቱ በየማለዳው «አለሁ» የምትል አንዲት ቃል ትልካለች። እናቲቱም ቃሏን አይታ፣ አልሐምዱሊላህ ብላ፣ መስገጃዋን አጥፋ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

ለምን አንዲት ቃል ብቻ እንደሆነች ሰልዋ ገና በመጀመሪያው ወር አስረድታታለች። መርከብ ላይ ኢንተርኔት ከሳተላይት ነው የሚመጣው። መንገደኛው ለአንድ ቀን የሚከፍለው ቶሮንቶ ውስጥ የወር የስልክ ሂሳብ ሊሸፍን ምንም አይቀረው። ለሠራተኛ በቅናሽ የሚሸጠው ደግሞ ተሰፍሮ የሚሰጥ ነው፣ ሲያልቅ አለቀ። ያም ሆኖ ሦስት ሺህ ሰው ከራት በኋላ ባንዴ ስልኩን ሲከፍት አንዲት ፎቶ ለመላክ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ አለ። ስለዚህ ሠራተኞቹ ወደብ ሲደርሱ ተሯሩጠው ይወርዱና ነጻ ዋይፋይ ባለው ፋርማሲ ደጃፍ የእግረኛ መንገዱ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። አንዱ በታጋሎግ፣ አንዱ በስፓኒሽ፣ ሰልዋ በአማርኛ፣ ሁሉም ከእናቱ ጋር ያወራል።

በድሪያ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። የሆቴል አንሶላና ፎጣ የሚታጠብበት ፋብሪካ ውስጥ ከሠራች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ትልልቁ አንሶላ በሁለት ሰው ነው የሚታጠፈው፤ ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ቆመው ማዕዘን ማዕዘኑን ይይዛሉ፣ ወጥረው ያራግፉታል፣ ከዚያ እየተጠጉ እጅ ለእጅ ይገናኛሉ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከአንሶላው ወዲያ ማዶ የቆመችው ተናኘ የምትባል የደብረ ማርቆስ ሴት ናት። በቀን ብዙ መቶ ጊዜ ፊት ለፊት የሚገናኝ ሰው መዋሸት አይችልም። በድሪያ ማለዳ «አለሁ» ደርሷት እንደሆነ ተናኘ ከአያያዟ ታውቃለች።

በሚያዝያ ወር መርከቧ የካሪቢያንን ወቅት ጨርሳ ወደ አውሮፓ ልትሻገር ተነሳች። ሰልዋ ከመነሳቷ በፊት ደውላ፣ ሰባት ቀን ሙሉ ወደብ እንደማይኖር፣ ለሰባቱ ቀን የሚሆናት አንድ ጥቅል ኢንተርኔት እንደገዛችና ቆጥባ እንደምትጠቀም ነገረቻት። በድሪያ ከዚህ ሁሉ የሰማችው «ሰባት ቀን ወደብ የለም» የሚለውን ብቻ ነበር። ካርታ አውጥታ በጣቷ ለካችው። ከጣቷ ሥር ሰማያዊ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

ረቡዕ «አለሁ» መጣ። ሐሙስም መጣ። ሐሙስ አመሻሽ ላይ በድሪያ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ለጁምዓ አጥቢያ ተቀመጠች። በስልኳ ላይ የቁርዓን ትምህርቱ ሴቶች፣ የሕንጻው ሴቶች፣ የኮምቦልቻ ልጆችና የጀመዓው እድር ግሩፖች አሉ፤ ከአራቱም በኩል የጁምዓ መልካም ምኞት ይዘንባል። አበባ ያለበት፣ የሚበር ርግብ ያለበት፣ ካዕባን ከሰማይ የሚያሳይ ቪዲዮ። ደስ ያላትን ሁሉ ለሰልዋ አሳለፈች። በባሕር መካከል ላለች ልጅ ደግሞ ይህ ሁሉ ያንሳል ብላ ስድስት ስድስት ደቂቃ የሚረዝሙ የዱዓ ቮይሶች ጨመረች። ልቧ ረጋ ብሎ ተኛች።

ጁምዓ ማለዳ ቃሏ አልመጣችም።

ይዘገይ ይሆናል ብላ እስከ አውቶቡሱ ጠበቀች። አውቶቡስ ውስጥ ሆና «ሰልዬ አለሽ?» ብላ ጻፈች። ከጽሑፉ ሥር አንዲት ግራጫ ራይት ወጣችና ቀረች። መልእክቱ መድረሱን የምትናገረው ሁለተኛዋ አልተከተለቻትም። ሥራ ቦታ ደርሳ የመጀመሪያውን አንሶላ ስትይዝ ሐሳቧ ከእጇ ላይ አልነበረም፤ ማዕዘኑ አመለጣትና አንሶላው መሬት ላይ ተዘረጋ።

«አንቺ፣ እኔ ከማን ጋር ነው የማጥፈው?» አለች ተናኘ። ከዚያ ፊቷን አየችና ጎንበስ ብላ አንሶላውን አነሳች።

በምሳ እረፍት ተናኘ መርከቦች ያሉበትን የሚያሳይ ካርታ በስልኳ አወጣች። የሰልዋ መርከብ ከአሜሪካ ዳርቻ ትንሽ ፈቀቅ ብላ እንደ ትንኝ ቆማለች። ከጎኗ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው ከሃምሳ ሁለት ሰዓት በፊት እንደሆነ ተጽፏል። አሁን ያለችበትን ማየት የሚፈልግ ይክፈል ይላል ከሥሩ። ተናኘ ይህ የብስ ላይ ያሉት አንቴናዎች እዚያ ድረስ ስለማይደርሱ ነው፣ ሁሉም መርከብ መሃል ውቅያኖስ ሲገባ እንዲህ ነው ብላ አስረዳቻት፤ የሌሎች መርከቦችንም አሳየቻት። በድሪያ እሺ አለች። ዓይኗ ግን «ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው» ከሚለው ላይ አልተነሳም።

ቅዳሜም ቃሏ አልመጣችም። በድሪያ፣ ሰልዋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋው በሄደችው የኩባንያው ቁጥር ደወለች። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ሰማች። በመጨረሻ ያነሳው ሰውዬ ትሁት ነበር፤ ስለ ሠራተኛ መረጃ በስልክ መስጠት እንደማይፈቀድለት፣ መርከቧ ግን በጉዞ ላይ እንደሆነችና የተመዘገበ አደጋ እንደሌለ ነገራት። አመስግና ዘጋች። ከዘጋች በኋላ ነው የፈራችው። የተመዘገበ የለም ማለት ያልተመዘገበስ? ልጅ ከመርከብ ወድቃ ማንም ሳያያት ቢቀርስ? ማን ይመዘግባታል? አዑዙ ቢላህ እያለች ሐሳቡን ከራሷ ብታባርረውም በሌላ በር ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ሌላ የዱዓ ቮይስ ላከች። ያም በአንዲት ራይት ቆመ።

እሑድ ሱብሂን ሰግዳ ገና ጣቷን እየቆጠረች ተስቢህ ስትል ስልኳ ጮኸ። ዘላ አነሳችው። ስክሪኑ ላይ ያለው ስም ግን የሰልዋ አልነበረም። ጋሽ ሸምሰዲን ይላል። የጀመዓው እድር ሰብሳቢ ናቸው።

የእድር ሰብሳቢ በዚህ ሰዓት ለምን ይደውላል? እስኪዘጋ ድረስ አየችው። ተዘጋ። እንደገና ጮኸ። ሦስተኛም ጮኸ። አላነሳችም፤ ስልኩን በግምባሩ መስገጃው ላይ ደፋችው።

ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ የምታውቀው እሷ ናት። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ባሏ ይመር እዚሁ ቶሮንቶ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። አንድ የጥር ማለዳ፣ ልክ ከሱብሂ በኋላ፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት በሯን አንኳኩ። ደህና ነው፣ ትንሽ ተጋጭቶ ሆስፒታል ገብቷል አሏት። ቁጭ አደረጓት። ውሃ ሰጧት። ጎረቤት አንድ በአንድ እየገባ ክፍሉ ሲሞላ ነው እንዳረዷት የገባት። ሰልዋ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲያ በድሪያ ልጅቱን የመጀመሪያ ያስጠናቻት ነገር የጋሽ ሸምሰዲንን ስልክ ቁጥር ነው፤ የተማሪ ቫን የሚነዱት እሳቸው ነበሩ፣ ሲደወልላቸው ሁሌም ያነሳሉ። የሷ የራሷ ቁጥር ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ተቀይሯል። የእሳቸው ግን ያው ነው።

ከሩብ ሰዓት በኋላ መስኮቱ ጋ ቆማ ሳለ የጋሽ ሸምሰዲን ቫን ወደ ሕንጻው ግቢ ሲገባ አየች። ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሁለት ወንዶች ወረዱ። ከኋላ በር አንዲት ሴት ወረደች። ሦስት። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት።

የመግቢያው ደወል ጠራ። በር መክፈቻው ግድግዳው ላይ ነው፣ አንዴ መጫን ብቻ ነው። አልተጫነችም። ካልከፈትኩ አይናገሩም፤ ካልተናገሩ ልጄ አለች። ይህንን በአፏ አላለችውም፣ ግን ሰውነቷ ሁሉ ይህንን ይል ነበር። ደወሉ ጠራ፣ ጠራ፣ ተወ። እፎይ ልትል ስትል የሊፍቱ በር ኮሪደሩ ላይ ሲከፈት ሰማች። ወደ ሥራ የሚወጣ ጎረቤት ከታች አስገብቷቸው ኖሯል።

ተንኳኳ። በድሪያ ከበሩ ጀርባ ሆና መዝጊያውን በሁለት እጇ ደግፋ ያዘች።

«በድሪያ፣ እኔ ሳሊሀ ነኝ» አለ የሴት ድምፅ። የጋሽ ሸምሰዲን ባለቤት ናቸው። «ልጅሽ ደህና ናት። ክፈቺልን።»

ደህና ናት። ያንን ቃል ታውቀዋለች። ያኔም ደህና ነው ነበር ያሉት።

«እትዬ ሳሊሀ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ አይደብቁኝ» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «እዚያው ሆነው ይንገሩኝ።»

ከበሩ ወዲያ ትንሽ ተንሾካሾኩ። ሐጂ አብዱረህማን፣ ሽማግሌው፣ «ወላሂ ደህና ናት» ሲሉ ሰማች። ሐጂ እንዲሁ የሚምሉ ሰው አይደሉም። እሷ ግን አሁንም መዝጊያውን አልለቀቀችም። በዚህ ጊዜ ጋሽ ሸምሰዲን የተላከላቸውን እንዳለ ላንብብላት አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እንደ እድር ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ቀስ እያሉ ማንበብ ጀመሩ።

«ጋሽ ሸምሰዲን፣ ሰልዋ ነኝ፣ የይመር ልጅ። ይህ የጓደኛዬ ስልክ ነው፣ ለአፍታ ነው ያዋሰችኝ፣ የኔ ክፍሌ ቀርቷል። በቃሌ የማውቀው የእርስዎን ቁጥር ብቻ ነው። ደህና ነኝ። ኢንተርኔቴ ሐሙስ አለቀ። ሌላ እንዳልገዛ ባንኩ የማረጋገጫ ኮድ የሚልከው በካናዳው መስመሬ ነው፣ እሱ ደግሞ ባሕር ላይ አይሠራም። እባክዎ ለእማ ይንገሩልኝ። ኢንተርኔቱን የጨረሱት የጁምዓ ቪዲዮዎቿ ናቸው፣ ስልኬ ራሱ እያወረዳቸው። ጽጌረዳዋ ላይ ጤዛ የሚንጠባጠበውን ብቻ አምስት ጊዜ ልካዋለች። እንዳትቆጣብኝ።»

በድሪያ እጇን ከመዝጊያው ላይ አነሳች። ሰው ለማጽናናት ብዙ ነገር ይፈጥራል፤ አምስት ጊዜ የተላከች ጽጌረዳ ግን ማንም አይፈጥርም። በሩን ከፈተችና እዚያው ደጃፉ ላይ ማልቀስ ጀመረች። እትዬ ሳሊሀ ደግፈዋት ገቡ።

ማልቀሷን ስትጨርስ ሁሉም ነገር ተብራራ። መልእክቱ የደረሰው ሦስቱ ሱብሂን በጀመዓ ሰግደው ሲወጡ ነው። ሐጂን በየእሑዱ ቤታቸው የሚያደርሱት ጋሽ ሸምሰዲን ናቸው። ደውለው ሲያጧት፣ ልጅቱ ከሐሙስ ጀምሮ የጠፋች ከሆነ እናትየው በምን ሁኔታ ትሆን ብለው መኪናውን ወደዚሁ አዞሩት።

«ሦስቴ ኮል አደረግሁልሽ» አሉ ጋሽ ሸምሰዲን።

«ስምዎን አይቼ ፈርቼ ነው።»

«የኔን ስም? ከእንግዲህ ስሜን ልቀይረው?»

እትዬ ሳሊሀ ሊቆጧቸው ሲሉ በድሪያ ራሷ ሳቀች። ሐጂ አብዱረህማን ግን አልሳቁም። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ምርኩዛቸውን ያዞሩታል። በመጨረሻ፣ ያቺን ጽጌረዳ እድሩ ግሩፕ ላይ መጀመሪያ የላክኋት እኔ ነኝ አሉ፣ እንደ ተናዘዘ ሰው። በሪያድ ያለች የልጅ ልጃቸው ልካላቸው፣ አምራ ስላዩዋት ለሁሉም ትድረስ ብለው። በድሪያ ተነስታ ትከሻቸውን ሳመች። ሌላ ምን ታድርግ?

እነሱ ሲሄዱ ለምስጋና የሹክር ሱጁድ ወረደች። ግምባሯ መሬት እንደነካ ረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያ ስልኳን አንስታ፣ ደስታዋን ልትናገር የቮይሱን ምልክት ተጫነችና ደንግጣ ለቀቀችው።

የቀሩት ቀኖችም ፍርሃት አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ሰኞ ከአንሶላው ማዶ ተናኘ ዓይኗን እያየች፣ እስክትደርስ ድረስ እንዲህ ነሽ በቃ አለቻት። ማክሰኞም ማለዳ ካርታውን አየች፣ ትንኟ እዚያው ናት።

ረቡዕ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ማዕዘን በእጇ እንደያዘች ኪሷ ተርገበገበ። ተናኘ የራሷን ማዕዘን እንደያዘች የበድሪያንም ተቀበለቻትና ሂጂ አለቻት። ሰልዋ ስፔን ወደብ ላይ፣ የማታውቀው ፋርማሲ ደጃፍ፣ የእግረኛ መንገድ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል። ከኋላዋ ሰው በየቋንቋው ያወራል።

«እማ፣ አሁን ስልሳ ሦስት መልእክት ባንዴ ገባልኝ» አለች።

በድሪያ ይቅርታ ማለት ጀመረች። ዳግመኛ አልልክም፣ ከዛሬ ጀምሮ አንዲትም አልልክም አለች።

«ቪዲዮዎቹን አትላኪ። ዱዓዎቹን ግን ወደብ ስደርስ እሰማቸዋለሁ፣ አጠራቅሚልኝ። ሁለቱን አሁን ሰማሁ። ከኋላ የሊፍቱ በር ሲዘጋ ሁሉ ይሰማል።»

ጓደኞቿ ጠሯት፤ ልትሄድ ነው። በድሪያ ማየት እስኪያቅታት አየቻትና ስልኩን ዘግታ ወደ አንሶላዋ ተመለሰች። በማግስቱ ሐሙስ አመሻሽ ላይ እንደ ወትሮው ከአራቱም በኩል ምኞት ዘነበ፤ ሐጂ አብዱረህማን ግን በዚያ ሳምንት ምንም አልላኩም። በድሪያ ዱዓዋን ቀድታ አስቀመጠችው እንጂ አልላከችውም። ጁምዓ ማለዳ ከመስገጃዋ ሳትነሳ ቃሏ መጣች፦ አለሁ። እሷም በጣቷ እየፈለገች አራት ፊደል ጻፈች፦ እኔም። አራት ነጥቡን ጭምር ቆጥራ ነው። ሁለተኛዋ ራይት እስክትከተል ጠብቃ ጫማዋን አደረገች።