የማይወጣው አግዳሚ

ምራቲቱ አማቷን በቅጡ አታውቃቸውም። አብራቸው መኖር ከጀመረች ገና ቅርብ ጊዜዋ ነው፤ የምታውቀው ልብስ ሰፊ መሆናቸውን፣ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው መናገር እንደሚችሉና ቃላቸውን እንደማያጥፉ ብቻ ነው።

እሷም ልብስ ሰፊ ናት። ይዛው የመጣችው የስፌት መኪና ግን ጓዳ ውስጥ ጨርቅ ተጥሎበት ቆሟል። አውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ያለችው ሱቅ ጠባብ ናት፤ ብርሃን የሚገባው በመስኮቱና በበሩ ብቻ ነው። መስኮቱን የአማትየው መኪና፣ በሩን አንድ ረጅም አግዳሚ ይዞታል። አግዳሚው ለደንበኛ አይደለም። ዝናብ ያባረረው፣ እግር የጣለው ሁሉ ያርፍበታል።

"እማማ፣ ይሄ አግዳሚ ቢወጣ እኮ ሁለታችንም እንሠራ ነበር።"

"አይወጣም።"

"የማያሰፉ ሰዎች ናቸው እኮ።"

"ቢሆኑስ? መቀመጫ እንጂ ሱሪ መቼ ጠየቁኝ?"

ምራቲቱ የያዘችውን ጨርቅ ማጠፍ ቀጠለች።

በማግስቱ ዝናብ ሲጥል አንድ ጥቅል የያዙ ሽማግሌ ገብተው ተቀመጡ።

"ምን ፈለጉ፣ አባባ?" አለቻቸው ቀና ብላ።

"ኧረ ምንም፣ ልጄ" ብለው ተነሡና ወጡ።

አማትየው የጀመሩትን እጅጌ ጥለው፣ ጫማ እንኳ ሳያጠልቁ ተከተሏቸው። ሲመለሱ ሽማግሌውን በክንዳቸው ይዘዋል፤ ሁለቱም በስብሰዋል።

"ፊት የነሳችዎት እንዳይመስልዎ" አሉ እያስቀመጧቸው። "ባሏንም በዚሁ ዓይን ነው የምታየው።"

ሽማግሌው ሳቁ። ምራቲቱ ፊቷ ጋለ።

ዝናቡ አባርቶ ሽማግሌው እንደሄዱ፣ አማትየው የራሳቸውን መኪና ከመስኮቱ ሥር መጎተት ጀመሩ።

"ምን እያደረጉ ነው?"

"ያንቺን አምጪ። እዚህ ይቆማል።"

"የእርስዎስ?"

"ጓዳ ገብቶ ይረፍ፤ እሱም እኔም አርጅተናል። ፔዳሉን አንቺ ርገጪ፤ እኔ ቁልፍ መትከሉና መዘምዘሙ አያቅተኝም። ለዚያ አግዳሚው ይበቃኛል።"

ምራቲቱ ደነገጠች። ባሏ እንደነገራት፣ አማትየው ባል ሞቶባቸው ብቻቸውን ልጅ ያሳደጉት በዚያ መኪና ነው።

"አግዳሚውን ማውጣት ይቀላል እኮ፣ እማማ።"

"ይቀላል። በዚያ በኩል ያዢ።"

ያዘች። ተጋግዘው አስገቡት፤ የእሷንም አወጡት። አማትየው ሸሚዝና ቁልፎች ይዘው አግዳሚው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ምራቲቱም መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፤ የናፈቀችው ብርሃን እጇ ላይ አረፈ፤ እግሯ ግን ፔዳሉን ሊረግጥ አልደፈረም።

"እማማ" አለች ቀስ ብላ፣ "እርስዎንስ ድሮ፣ እንደ ሽማግሌው፣ ከተቀመጡበት ያስነሣዎት ማን ነበር?"

አማትየው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

"እሱን ተይኝ" አሉ። "ስፊ።"