የሰገን እጢ

ሰገን ማረውን አግብታ ፎገራ ሜዳ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ሩዝ ስታርም ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። በ1993 ዓ.ም. ክረምት ግን ሌላ ሰው ሆነች። የሦስት ሰው እየበላች ትከሳለች። በብርድ ደጅ ትተኛለች። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ ፈጦ አልከደን አለ። አንገቷ ላይ የነበረችው እንቅርትም አበጠች፤ እንቅርት በአገሩ ብርቅ ስላልሆነ ግን ልብ ያላት የለም።

አንድ ቀን አረም ላይ አማቷ እማማ ወለላ፣ «ሩዙን ከአረሙ ጋር ነቀልሽው እኮ» አሏት። ሰገን ዱላ አንስታ ክንዳቸውን መታች። አጥንቱ ከተሰበረም በኋላ አላቆመችም፤ ማረው ነው ጎትቶ ያላቀቃት።

«ሰይጣን ሰፍሮባታል» ተባለ። መስከረም ሲጠባ ማረውና ወንድሞቹ በጠፍር አስረው ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወሰዷት። ሙቀት ጠላት የሆነባትን ሴት በቀን ሁለት ጊዜ እስከ አንገቷ ነከሯት።

«ማረው፣ ልቤ ሊፈነዳ ነው፤ አውጣኝ።»

«እሷ አይደለችም፣ እሱ ነው የሚጮኸው» እያሉ ትከሻዋን ወደ ታች ተጫኑት።

በሰባተኛው ቀን የማረውን ጣት ነክሳ ቆረጠችው። ፊቷ እስኪያብጥ ደበደባት። ከዚያ ጣቱን ሊያሳክም ወረታ ጤና ጣቢያ ሲሄድ እንደታሰረች ይዟት ሄደ።

ሀይለየሱስ የሚባል ከሸዋ የመጣ የጤና መኮንን ጣቱን እየሰፋ በር ላይ ያለችውን ሴት አያት። ተነስቶ አንገቷን ዳሰሰ፤ የልቧን ምት ቆጠረ።

«ሰይጣን የለባትም» አለ። «ይህ እጢ ሆርሞን የሚሉትን ቅመም ከልክ በላይ ደሟ ውስጥ ይረጫል። ልቧን የሚያስሮጠው፣ አንጎሏን የሚያስቆጣው እሱ ነው።»

ባሕር ዳር ልኮ መድኃኒት አስጀመራት። በአምስት ወሯ እጇ ረጋ።

ስትመለስ ማረው ሌላ አግብቷል። ሽማግሌ ላከች። የመለሱት ክንዳቸው ጠሞ የቀረው አማቷ ናቸው።

«ሰይጣን ቢሆን ይቅር እላት ነበር፤ ሰይጣን እንግዳ ነው። ከገዛ አንገቷ የወጣ ከሆነ ግን የመታችኝ እሷው ናት።»

ሽማግሌዎቹ ዘንጋቸውን አንስተው ወጡ። ሰገን ልጆቿን ከአጥር ማዶ አየቻቸው፤ ትልቋ ታናናሾቿን ሰብስባ ገባችና በሩን ዘጋች።

አሁን ወረታ፣ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ገለባ ትዝቃለች። መድኃኒት ልትወስድ በሄደች ቁጥር ሀይለየሱስ፣ «ጥፋቱ የእጢው እንጂ የእርስዎ አይደለም» ይላታል።

አንድ ጊዜ፣ «ይሆናል» አለችው። «ስመታቸው ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታውንስ በማን ላሳብብ?»

ካርዷን ፈርሞ ሰጣትና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።