ፍቺው የሚሉኝ አክስቴ

አክስቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ መርሳ ላይ የብር ጌጥ ይነግዱ ነበር። ወደ ወልዲያ በሚኒባስ የሚላከውን የምናሽገው እኔና የአጎቴ ልጅ ዘይነባ ነን። አልቦውን ለብቻ፣ ድሪውን ለብቻ በጥጥ ጠቅልለን ካርቶን ውስጥ እንደረድራለን። ስንጨርስ አክስቴ የኔን ካርቶን አንስተው ጆሯቸው ሥር ይነቀንቁታል።

«ይንኳኳል፤ ፍቺው!»

«ኧረ አክስቴ፣ እኔ ምንም አልሰማሁ!»

«ወልዲያ ሲደርስ ተጫጭሮ ይወጣል። ፍቺው አልኩሽ!»

የዘይነባን ግን ሳይነቀንቁ መጋዘን ያስገቡላታል። ቅናት ያንገበግበኝ ነበር። አንድ ቀንማ እንዲንኳኳባት ብዬ ጥጧን ደበቅኩባት። እሷ እቴ፣ በሻሿ ጠቅልላ አሸገችው።

ለቅሶው ላይ ይህንን ስነግራት ዘይነባ አልሳቀችም።

«ወላሂ፣ ስቀና የኖርኩት እኔ ነኝ» አለች። «ላንቺ አጠገብሽ ቁጭ ብለው ጥጡን በእጃቸው ይጎዘጉዙልሽ ነበር። እኔን አንድ ቀን እንኳ ፍቺው ብለውኝ አያውቁም።»

አሁንም አብረን እናሽጋለን። መሃላችን ካለችው የሳቸው በርጩማ ላይ ግን አንቀመጥም፤ አንዷችን ብትቀመጥባት ሌላዋ ትቀናለች።