የትክል ድንጋዮቹ ጠባቂ

የቱሪዝም ቢሮ ሠራተኛዋ ትንቢት ከዲላ በሞተር የመጣችው፣ አገር አቀፍ የቱሪዝም ድርጅት የሚያቋቁመው አዋጅ መጽደቁን ለትክል ድንጋዮቹ ጠባቂ ለመንገር ነበር። ሽማግሌው ኮፍያቸው ላይ የለጠፉት አርማ ከፈረሰ ዓመታት ያለፉት የአንድ መሥሪያ ቤት አርማ ነው።

«እኔ እዚህ ቆሜ ይህ ሦስተኛው ድርጅት መሆኑ ነው፤ ደግ ነው» አሉ በደከመ ድምፅ።

ከዚያ በድንጋዮቹ መሃል አስከተሏትና እያንዳንዱን በመዳፋቸው እየዳበሱ አባታቸው ስለ እሱ የነገሯቸውን አወሩላት። ዓይናቸው እንደከዳቸው የገባት ያን ጊዜ ነው።

«ለምን ለቢሮ አላሳወቁም አባባ?»

«ካወቁማ ያሰናብቱኛል። የእነዚህን ነገር ለማን ትቼ ልሂድ? አዲሱ ድርጅት ከእኔ የሚማር ሰው ቶሎ ይላክልኝ በያቸው፣ ልጄ።»

ትንቢት «ይልካሉ» ለማለት አልደፈረችም። ደብተሯን አውጥታ፣ «ከመጀመሪያው ድንጋይ እንጀምር» አለቻቸው።